መድኃኒቱ ወደ አንጎል እንዴት ይግባ?

የሳይንስ ዓምድ፦ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች እንዲሁም ለወላጆች



ባለፈው ወር ስለ ደም ዝውውር ስንማር አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «መምህር፣ ደም የማይደርስበት ቦታ ከሌለ፣ መድኃኒቱ የጡቷን ዕጢ ሲያጠፋው የራሷን ለምን አላጠፋውም?»

በዚያው ደወል ተደወለ። እኔም «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እመለስበታለሁ» ብዬ አለፍኩት። ደወሉ ግን ሰበብ ነበር። እውነቱን ለመናገር መልሱን በአጭሩ ለማስረዳት አልቻልኩም። ጥያቄው ለእኔም አዲስ አልነበረም። ያሳደገችኝ አክስቴ የሞተችው በዚሁ በሽታ ነው። በሕክምናው የጡቷ እብጠት ሟሽሾ ደስ ካለን ከጥቂት ወራት በኋላ ራሷን ያማት ጀመር፤ ከዚያም አንድ እጇ አልታዘዝ አላት። «መድኃኒቱ ሠርቷል አላላችሁም ወይ?» ብዬ ስጠይቅ የሚመልስልኝ አላገኘሁም። መልሱን ያገኘሁት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ትምህርቴን በስደት ምክንያት ሳልጨርስ ባቋርጠውም ይህችን ትምህርት ግን ይዤአት ወጥቻለሁ። ዛሬ ለእናንተ ላካፍላችሁ።

በዚህ ትምህርት የሚከተሉትን እንመለከታለን፦

ሀ) ካንሰር ከሌላ የሰውነት ክፍል ተነሥቶ አንጎል ላይ እንዴት እንደሚያርፍ፤
ለ) መድኃኒት ወደ አንጎል እንዳይገባ የሚከለክለው ምን እንደሆነ፤
ሐ) ናኖ ቅንጣት የሚባለው ነገር ምን እንደሆነና ምን ተስፋ እንደተጣለበት፤
መ) ዛሬ በእጃችን ያለው ምን እንደሆነ፣ ገና ያልደረሰውስ የትኛው እንደሆነ።

(ማሳሰቢያ፦ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ካንሰር እንዴት ይሠራጫል?

ሰውነታችን ከብዙ ትሪሊዮን ሴሎች የተሠራ ነው። ጤናማ ሴል በልክ ይራባል፤ ሲያረጅ ይሞታል፤ ሌላው ይተካዋል። ካንሰር የሚባለው አንድ ሴል ይህን ሥርዓት አፍርሶ ያለ ልክ መራባት ሲጀምር ነው። የተራቡት ሴሎች ተከማችተው ዕጢ ይሆናሉ። ከዕጢው የተላቀቁ ሴሎች ደግሞ ወደ ደም ሥር ገብተው ከደም ጋር ይጓዛሉ። አብዛኞቹ መንገድ ላይ ይሞታሉ። የተረፉት ጥቂቶች ግን በሳንባ፣ በጉበት፣ በአጥንት ወይም በአንጎል ላይ አርፈው እንደገና ይራባሉ። ይህ የካንሰር ሥርጭት ይባላል። ወደ አንጎል በብዛት የሚሠራጩት የሳንባ ካንሰር፣ የጡት ካንሰርና ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ናቸው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ከጡት ተነሥቶ አንጎል ላይ ያረፈ ካንሰር ያው የጡት ካንሰር ነው። ከባሌ ተነሥቶ ጁባ የገባ ሰው አድራሻው ተለወጠ እንጂ ትውልዱ አልተለወጠም። ሐኪሞችም በአንጎል ላይ ላለው ዕጢ መድኃኒት ሲመርጡ ከየት እንደተነሣ የሚጠይቁት ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ በቀድሞው አነጋገር ካንሰርም ቲቢም «ነቀርሳ» ይባሉ ስለነበር ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። የሳንባ ነቀርሳ ወይም ቲቢ በትንፋሽ ይተላለፋል። ካንሰር ግን ከታማሚው ወደ አስታማሚው አይተላለፍም። ስለዚህ ካንሰር ላለባት እናት ኩባያዋን መለየት፣ ልጆቿንም ከአጠገቧ ማራቅ ከንቱ ጭካኔ ነው።

2. የአንጎል አጥር

በ1885 ፖል ኤርሊክ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በእንስሳት ደም ውስጥ ቀለም እየወጋ ይመራመር ነበር። ቀለሙ ልብን፣ ጉበትን፣ ኩላሊትንና ጡንቻን ሁሉ አቀለመ፤ አንጎል ግን እንደነበረ ነጭ ሆኖ ቀረ። ኤርሊክም አንጎል ቀለሙን የመያዝ ጠባይ ስለሌለው ይሆናል ብሎ ገመተ።

ግምቱ ትክክል አልነበረም። ተማሪው የነበረው ኤድዊን ጎልድማን በ1913 ሙከራውን ገለበጠው። ቀለሙን በደም ሥር በመውጋት ፈንታ በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ጨመረው። በዚህ ጊዜ አንጎል ተቀለመ፤ የተቀረው የሰውነት ክፍል ግን ሳይቀለም ቀረ። እንግዲህ አንጎል ቀለሙን መያዝ ይችላል ማለት ነው። ያልቻለው ቀለሙ ከደም ወደ አንጎል መሻገር ነው። በደምና በአንጎል መካከል አጥር እንዳለ በዚህ ታወቀ። ውድ ተማሪዎች፣ ኤርሊክ በ1908 የኖቤል ሽልማት ያገኘ ታላቅ ሰው ነው። ታላቅ ሰውም ይሳሳታል፤ ጥሩ ተማሪ ደግሞ የመምህሩን ግምት በሙከራ ይፈትናል። እኔም በክፍል ውስጥ የምነግራችሁን እንዲሁ ብትፈትኑት አልቀየምም።

አጥሩ በዓይን እስኪታይ ብዙ ዓመታት አለፉ። በ1967 በአሜሪካ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ሪስና ካርኖቭስኪ፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመልክተው የአጥሩን አሠራር አሳዩ። በሌላው የሰውነት ክፍል የቀጫጭን ደም ሥሮች ግድግዳ እንደ ወንፊት ትንንሽ ክፍተት አለው። በአንጎል ውስጥ ግን የግድግዳው ሴሎች እርስ በርሳቸው ጥብቅ ብለው የተሰፉ ናቸው። በመካከላቸው ሾልኮ ማለፍ አይቻልም። በአንድ ሰው አንጎል ውስጥ ያሉት እነዚህ ቀጫጭን ደም ሥሮች ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠሉ ርዝመታቸው ወደ 600 ኪሎ ሜትር እንደሚደርስ ይገመታል። ይህም ከጁባ ካምፓላ የሚወስደውን መንገድ ያህላል። መንገዱ በሙሉ አጥር ነው።

ለመሆኑ ማን ያልፋል? ኦክስጅን በቀላሉ ያልፋል። ስኳር የራሱ በር አለው። በስብ የሚሟሙ ትንንሽ ነገሮችም ያልፋሉ። ቡና ስንጠጣ እንቅልፍ እምቢ የሚለን፣ አልኮል የጠጣ ሰው የሚንገዳገደው ሁለቱም አጥሩን ስለሚያልፉ ነው። ጀርሞች፣ መርዞችና አብዛኞቹ መድኃኒቶች ግን አያልፉም። በዘርፉ ተደጋግሞ የሚጠቀሰው ግምት፣ ሞለኪውላቸው ትንሽ ከሆነ 100 መድኃኒቶች እንኳ 98 ያህሉ ወደ አንጎል በበቂ መጠን አይገቡም ይላል። ከዚህም ሌላ በግድግዳው ሴሎች ላይ ፓምፖች አሉ፤ ሾልኮ የገባውን መድኃኒት ይዘው ወደ ደም ይመልሱታል።

የተማሪዋ ጥያቄ መልስ እነሆ! መድኃኒቱ ደካማ ሆኖ አይደለም። ጡት ላይ በሩ ክፍት ስለነበረ ገባ፤ አንጎል ላይ በሩ ዝግ ስለነበረ ውጭ ቀረ። ከአጥሩ ጀርባ ያረፉት ጥቂት የካንሰር ሴሎች መድኃኒት ሳይነካቸው ኖረው ቆይተው አደጉ። ዕጢው ሲያድግ አጥሩን በከፊል ያላላዋል፤ ያን ጊዜ ጥቂት መድኃኒት ሊገባ ይችላል። ነገር ግን አንዱ ጥግ ሲላላ ሌላው ጥብቅ እንደሆነ ስለሚቀር ለሁሉም አይዳረስም።

«ታዲያ አጥሩን ለምን አያፈርሱትም?» የሚል አይጠፋም። አጥሩ ጠላታችን አይደለም። በደማችን ውስጥ የሚዞረው ጀርምና መርዝ ሁሉ አንጎላችን ውስጥ ቢገባ በሕይወት አንቆይም። በር ጠባቂውን መግደል ለሌባውም መንገድ መክፈት ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ የያዙት ሐሳብ ሌላ ነው፤ ይኸውም በር ጠባቂው የሚያውቀውን መታወቂያ ለመድኃኒቱ ማስያዝ ነው።

3. ናኖ ቅንጣት ምን ያህል ትንሽ ናት?

አንድ ሜትር 1,000 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ሚሊ ሜትር 1,000 ማይክሮ ሜትር፣ አንድ ማይክሮ ሜትር ደግሞ 1,000 ናኖ ሜትር ነው። ስለዚህ አንድ ሚሊ ሜትር 1,000,000 ናኖ ሜትር ይሆናል ማለት ነው።

አንዲት የጤፍ ቅንጣት ርዝመቷ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት ከ80,000 እስከ 100,000 ናኖ ሜትር ይደርሳል። የቀይ ደም ሴል ስፋት 7,000 ናኖ ሜትር ያህል ነው። ለመድኃኒት መጓጓዣ የሚሠሩት ናኖ ቅንጣቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ 100 ናኖ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ናቸው። በአንዲት ጤፍ ርዝመት ልክ 10,000 ናኖ ቅንጣቶችን በአንድ መስመር መደርደር ይቻላል። እንግዲህ ከእንግዲህ «እንደ ጤፍ ደቀቀ» ስትሉ ጤፍ ራሷ ተራራ የምትሆንበት ዓለም እንዳለ አስታውሱ።

4. ቅንጣቷ እንዴት ትሠራለች? (የቤት ሙከራ)

በመጀመሪያ ይህን ሙከራ ሥሩ። ባዶ የውኃ ፕላስቲክ፣ ውኃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይትና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ያስፈልጋል። የራሽን ዘይት ውድ ስለሆነ ከአንድ ማንኪያ አትለፉ፤ ያውም እናታችሁን አስፈቅዳችሁ!

ፕላስቲኩን በውኃ ግማሽ ሙሉና ዘይቱን ጨምሩ። ደህና አድርጋችሁ ናጡትና አስቀምጡት። ዘይቱ ወዲያው ተመልሶ ከላይ ይንሳፈፋል። አሁን ሳሙናውን ጨምራችሁ እንደገና ናጡት። ውኃው እንደ ወተት ይነጣል፤ ዘይቱም ቶሎ አይለይም። ምክንያቱም የሳሙና ሞለኪውል አንዱ ጫፉ ውኃን፣ ሌላው ጫፉ ዘይትን ይወዳል። እያንዳንዷን የዘይት ጠብታ ከብቦ ከውኃው ጋር ያስማማታል።

ሰውነታችን ውስጥም እንዲህ ያለ ባለ ሁለት ጠባይ ስብ አለ። የሴሎቻችን ሽፋን የተሠራው ከእርሱ ነው። በ1960ዎቹ እንግሊዛዊው አሌክ ባንግሃም ይህ ስብ በውኃ ውስጥ ሲሆን በራሱ ተጠቅልሎ ትንንሽ ባዶ ኳሶች እንደሚሠራ አሳየ። ኳሶቹ ሊፖሶም ይባላሉ። በኳሷ ሆድ ውስጥ መድኃኒት ሞልቶ መላክ እንደሚቻል ሌሎች ተመራማሪዎች ተረዱ።

ነገሩ ሕልም ሆኖ አልቀረም። ዶክሶሩቢሲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት ኃይለኛ ቢሆንም ልብን ይጎዳል። ይህንኑ መድኃኒት በስብ ኳስ ውስጥ የያዘው ዶክሲል በ1995 በአሜሪካ ተፈቀደ። በዚህ መንገድ ሲሰጥ በልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ቀነሰ። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ላይ በብዛት ከተሰጡት የኮቪድ ክትባቶች ሁለቱ፣ የፋይዘርና የሞደርና፣ መልእክታቸውን ወደ ሴል ያስገቡት በስብ ናኖ ቅንጣት ነው። ስለዚህ ናኖ ቅንጣት እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙ መቶ ሚሊዮን ሰዎች በክንዳቸው ወስደውታል።

5. መታወቂያ ይዞ በሩን ማለፍ

ኳሷን መሥራት አንድ ነገር ነው፤ የአንጎልን አጥር ማሳለፍ ሌላ ነው። ዶክሲል ራሱ አጥሩን በደንብ አያልፍም። ታዲያ ምን ዘዴ አለ? ሦስቱን ልጥቀስ።

የመጀመሪያው ዘዴ ማመሳሰል ነው። አንጎል ብረት ያስፈልገዋል። ብረቱን ተሸክሞ የሚመጣ ትራንስፈሪን የተባለ ፕሮቲን አለ፤ የአጥሩ ሴሎችም እርሱን የሚቀበል በር አላቸው። ተመራማሪዎች ናኖ ቅንጣቷን ከላይ በትራንስፈሪን ሲሸፍኗት በር ጠባቂው «ብረት መጣ» ብሎ ያስገባታል። በአይጦች በተደረጉ ሙከራዎች ግን የሚያስገርም ነገር ታየ። ሽፋኑ ሲበዛ ቅንጣቷ በሩን አጥብቃ ይዛ እዚያው ትቀራለች። ሲያንስ ደግሞ ጭራሽ አትታወቅም። ሥራው ልክን ማግኘት ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ጨረርን ማገዝ ነው። በፈረንሳይ አገር ግሬኖብል ከተማ በ2016 በተጀመረ ሙከራ፣ ካንሰር ወደ አንጎላቸው የተሠራጨ 15 ሕሙማን ጋዶሊኒየም ከተባለ ብረት የተሠሩ እጅግ ትንንሽ ቅንጣቶች በደም ሥር ተሰጥቷቸው ከዚያ በጨረር ታከሙ። ቅንጣቶቹ ዕጢው የአጥሩን ግድግዳ ባላላበት በኩል ገብተው እዚያው ይጠራቀማሉ፤ ጨረሩም ዕጢው ላይ ይበልጥ እንዲበረታ ያደርጋሉ። የመጀመሪያው ሙከራ ዋና ዓላማ አደጋ አለማምጣቱን ማረጋገጥ ነበር፤ ውጤቱም በ2021 ታተመ። ከዚያ በኋላ በብዙ ሕሙማን ላይ ወደሚደረግ ሁለተኛ ደረጃ ሙከራ ተሸጋግሯል።

ሦስተኛው ዘዴ ሁለቱንም ዕጢዎች በአንድ ቅንጣት መምታት ነው። በአሜሪካ የማያሚ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2024 ባወጡት ጥናት፣ ሁለት መድኃኒቶችን የያዘችና በሰውነት ውስጥ ሟሙታ የምትጠፋ ናኖ ቅንጣት የጡቱንም ዕጢ ወደ አንጎል የተሠራጨውንም በአይጦች ላይ አሳንሳለች። የተማሪያችን ጥያቄ በትክክል ይህ ነበር፤ የጡቱን ያዳነ የራሱንም ያድን ዘንድ። ሆኖም «በአይጦች ላይ» የሚለውን ቃል አስምሩበት። ከአይጥ ወደ ሰው ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ብዙ መድኃኒትም መንገድ ላይ ይቀራል።

ችግሩንም መደበቅ አይገባም። በ2016 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያለፉትን አሥር ዓመታት ጥናቶች ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ከተወጋው ናኖ ቅንጣት ወደ ዕጢ የሚደርሰው በአማካይ ከመቶ 0.7 ብቻ ሆኖ አገኙት። ከመቶው አንዱ እንኳ አልሞላም። አብዛኛውን ጉበትና ጣፊያ እንደ ቆሻሻ ለቅመው ይይዙታል። ኤርሊክ ገና ከመቶ ዓመት በፊት በሽታውን ብቻ ለይቶ የሚመታ መድኃኒት ይመኝ ነበር። ምኞቱ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልደረሰም፤ ቀርቧል እንጂ።

6. ከአዲስ አበባ የተነሣ ልጅ

ተማሪዎች ሆይ፣ ይህ ሁሉ የሩቅ ሰዎች ወሬ እንዳይመስላችሁ አንድ የእድሜ እኩያችሁን ላስተዋውቃችሁ። ሔመን በቀለ አዲስ አበባ ተወልዶ በ4 ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደ። በልጅነቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በጠራራ ፀሐይ የሚሠሩ ሰዎችን ያይ ነበር። ትዝታው አልለቀቀውም። አድጎ ስለ ቆዳ ካንሰር ሲያነብ ሕክምናው ምን ያህል ውድ እንደሆነ ተረዳና «ሳሙና ከሌለው ቤት የለም፤ ለምን መድኃኒቱን በሳሙና አናደርገውም?» ወደሚል ሐሳብ መጣ።

ችግሩ ሳሙና ታጥቦ መሄዱ ነው። መድኃኒቱ አብሮ ከታጠበ ምን ይጠቅማል? ሔመን ያሰበው መፍትሔ ዛሬ የተማርነውን ነው። ኢሚኪሞድ የተባለውን፣ የሰውነትን መከላከያ ሴሎች የሚቀሰቅሰውን መድኃኒት፣ በስብ ናኖ ቅንጣት መያዝ ነው። ሳሙናው ታጥቦ ሲሄድ ቅንጣቷ ቆዳ ላይ ትቀራለች። በዚህ ሐሳብ በ2023፣ በ14 ዓመቱ፣ በአሜሪካ በሚካሄደው የ3ኤም የወጣት ሳይንቲስቶች ውድድር አንደኛ ወጥቶ 25,000 ዶላር ተሸለመ። በ2024 ታይም መጽሔት የዓመቱ ልጅ ብሎ መረጠው። ከዚያም በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ ምርምሩን ቀጠለ።

ሳሙናው ገና በምርምር ላይ ያለ ነገር ነው፤ በሱቅ የሚሸጥ መድኃኒት አይደለም። የአንጎልንም ካንሰር አያክምም። ነገር ግን ሜላኖማ ወደ አንጎል በብዛት ከሚሠራጩት አንዱ እንደሆነ ከላይ አይተናል። የቆዳውን በቆዳው ላይ ሳለ ማስቀረት የአንጎሉን አጥር ከመጋፋት በብዙ ይቀላል።

7. ዛሬ በእጃችን ያለው

ወላጆች ሆይ፣ ይህን ክፍል በተለይ ለእናንተ ጽፌዋለሁ። ወደ አንጎል ለተሠራጨ ካንሰር ዛሬ በሆስፒታል የሚሰጠው ሕክምና ቀዶ ሕክምና፣ ጨረርና አጥሩን በመጠኑ የሚያልፉ ጥቂት አዳዲስ እንክብሎች ናቸው። ለምሳሌ ያህል፣ ለአንድ ዓይነት የጡት ካንሰር የሚሰጠው ቱካቲኒብ በ2020 በአሜሪካ ሲፈቀድ ካንሰሩ አንጎላቸው ለደረሰ ሕሙማንም ጭምር ነበር። መድኃኒትን በመታወቂያ አስመስሎ ወደ አንጎል የሚያስገባው ናኖ ቅንጣት ግን ገና በምርምር ላይ ነው።

ስለዚህ በገበያም ሆነ በስልክ «የናኖ መድኃኒት አለኝ፤ የራስ ካንሰር ያድናል» የሚላችሁ ሰው ቢመጣ ገንዘባችሁን አትስጡት። ለልጅ ትምህርት ወይም ለእህል የያዛችሁትን አውጥታችሁ ተስፋ አትግዙ።

የእኛ መንገድ ከሌላው ሰው መንገድ ይረዝማል። ለረጅም ዓመታት በመላው ኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ሕሙማንም ተራቸው እስኪደርስ ወራት ይጠብቁ ነበር። ከጁባም ይህንኑ ሕክምና ፍለጋ እንደ ካምፓላ ወዳሉ ከተሞች የሚሻገሩ አሉ። ድንበር፣ ወረቀትና ገንዘብ ለእኛ ሌላ አጥር ናቸው። ይህን አጥር በአንድ ቀን አናነሣውም። ሆኖም በሽታው አንጎል ከመድረሱ በፊት መያዝ ብዙውን ጊዜ በእጃችን ነው።

አክስቴ እብጠቱን ካገኘችው በኋላ ዓመት ያህል ለማንም ሳትናገር ቆየች። አፈረች፤ ደግሞም አላመማትም ነበር። የጡት ካንሰር በመጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። አለማመሙ ነው የሚያታልለው። ስለዚህ፦

• በጡት ላይ ወይም በብብት አዲስ እብጠት፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፣ ከጡት ጫፍ ደም መውጣት ካያችሁ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ ለይቶ የሚናገረው ግን ምርመራ ነው።
• ቅርጹ፣ ቀለሙ ወይም መጠኑ የሚለዋወጥ ጥቁር ነጥብ፣ ለወራት የማይድን ቁስል ካለ አሳዩ። ሜላኖማ በጥቁር ሰው ላይ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በውስጥ እግርና በጥፍር ሥር ነው። ጫማ አውልቃችሁ እዩ።
• ቆዳቸው ነጭ ሆኖ የተወለዱ ልጆች ፀሐይ እጅግ ትጎዳቸዋለች። ባርኔጣና እጀ ረጅም ልብስ አይለያቸው፤ በክፍልም በጥላ በኩል ይቀመጡ።
• ጠዋት ጠዋት የሚብስና ማስመለስ ያለበት የራስ ምታት፣ በአዋቂ ላይ አዲስ የሚጥል በሽታ፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የንግግር ወይም የዓይን ችግር ሲታይ ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። በአካባቢያችን ወባም ሌላም በሽታ እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። «መንፈስ ነው» ብሎ መቆየት ለማንኛቸውም አይበጅም።

ጸበልም ሆነ ዱዓ ለሚያምን ሰው ከሐኪም ጋር አይጣላም። ሁለቱንም ያዙ፤ ሐኪሙን ግን አታዘግዩት።

8. የቃላት መፍቻ

ሴል፦ የሕያው አካል ሁሉ ትንሿ የግንባታ ክፍል።
ዕጢ፦ ያለ ልክ የተራቡ ሴሎች ክምችት።
ሥርጭት፦ ካንሰር ከተነሣበት ቦታ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል መጓዙ።
የአንጎል አጥር፦ መርዝና ጀርም ከደም ወደ አንጎል እንዳይገቡ የሚከላከል፣ ጥብቅ ሆኖ የተሰፋ የደም ሥር ግድግዳ።
ናኖ ሜትር፦ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ።
ሊፖሶም፦ ከስብ የተሠራች፣ መድኃኒት በሆዷ የምትይዝ እጅግ ትንሽ ኳስ።

9. መልመጃ

1) የቀይ ደም ሴል ስፋት 7,000 ናኖ ሜትር ቢሆን፣ ስፋታቸው 100 ናኖ ሜትር የሆኑ ስንት ቅንጣቶች በስፋቱ ልክ ይደረደራሉ?
2) ከተወጉት 10,000 ናኖ ቅንጣቶች ወደ ዕጢው የሚደርሱት ከመቶ 0.7 ቢሆኑ ስንት ይሆናሉ? የቀሩትስ አብዛኞቹ የት ይሄዳሉ?
3) ኤርሊክና ጎልድማን የተጠቀሙት ቀለም ነው። ጎልድማን የለወጠው ምንድን ነው? ከዚያስ ምን ተማረ?
4) «የአንጎል አጥር ጎጂ ነው» ለሚል ጓደኛችሁ በሦስት ዓረፍተ ነገር መልስ ስጡ።
5) የዘይትና የሳሙናውን ሙከራ ሥሩና ያያችሁትን በሥዕል አሳዩ።
6) ከክፍል 7 አንዱን ነጥብ ለእናታችሁ፣ ለአባታችሁ ወይም ለአክስታችሁ አንብቡላቸው። ምን እንዳሉ ጽፋችሁ አምጡ።

የ1ኛና የ2ኛ ጥያቄ መልስ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ነው። ካልገጠመላችሁ እንደገና አስሉ። የቀሩትን በክፍል እንነጋገርባቸዋለን።

ጥያቄውን ለጠየቀችው ተማሪያችን፦ መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ። አንቺ የጠየቅሽውን ነገር በዓለም ላይ ያሉ ታላላቅ ቤተ ሙከራዎች ዛሬም እየጠየቁት ነው። ደወል ቢደወልም እጅሽን አታውርጂ።